ዕጢው ቀነሰ፣ የእናቴ ድካም ግን ጨመረ፤ የትኛውን እንመን?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። የጠያቂያችን እናት የተሰራጨ የጡት ካንሰር አለባቸው፤ በየ3 ሳምንቱ ኬሞ ይወስዳሉ። መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ሁልጊዜ 30 ጥያቄ ያለበት ወረቀት ይሰጣቸዋል። ሲችሉ ራሳቸው፣ ሲደክማቸው ልጃቸው ይሞላላቸዋል። በቅርቡ የወረቀቱ ውጤት እጃቸው ገባ፦ «አጠቃላይ ጤናና የሕይወት ጥራት» ከ58 ወደ 50፣ «ድካም» ከ33 ወደ 67። በዚያው ሰሞን የተነሱት ሲቲ ስካን ዕጢው መቀነሱን አሳየ፤ ሐኪሙም «ሕክምናው እየሠራ ነው» አሉ። እናትየው ሐኪም ፊት ሲቀርቡ «ደህና ነኝ» ይላሉ፣ ቤት ሲገቡ ግን አብዛኛውን ቀን አልጋ ላይ ናቸው። «የትኛውን እንመን? ለመሆኑ ይህን ወረቀት የሚያነበው ሰው አለ?» ይላል ጥያቄው።

ሁለቱንም ይመኑ። ስካኑ ስለ ዕጢው ነው የሚናገረው፤ ወረቀቱ ስለ እናትዎ። ዕጢ የሚያሳንስ መድኃኒት ጉልበትም ሊያሳንስ ስለሚችል፣ አንዱ ሌላውን ውሸታም አያደርገውም። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው፦ 67 የሚለው ቁጥር ከተጻፈ በኋላ ማን ምን አደረገ? ከጥያቄዎ እንደተረዳሁት፣ ምንም የተደረገ ነገር የለም።

በቅድሚያ ቁጥሩን በትክክል እናንብበው። እንደ ገለጻዎ ከሆነ እናትዎ የሚሞሉት የአውሮፓ የካንሰር ምርምርና ሕክምና ድርጅት ያዘጋጀውን ኪውኤልኪው-ሲ30 የተባለውን መጠይቅ ይመስላል። በ1993 ከታተመ ወዲህ በካንሰር ሕክምና በብዛት ከሚሠራባቸው መጠይቆች አንዱ ነው። 30ዎቹ ጥያቄዎች በ15 ክፍል ተመድበው ለየብቻ ይሰላሉ። አምስቱ ክፍሎች ሰውዬው ምን ማድረግ እንደሚችል የሚጠይቁ ናቸው፤ አካላዊ አቅምን፣ የሥራና የዕለት ተግባርን፣ ስሜትን፣ ትኩረትና ትውስታን፣ ማኅበራዊ ኑሮን። ዘጠኙ የሚያስቸግሩ ነገሮችን ይጠይቃሉ፤ ድካም፣ ሕመም፣ ማቅለሽለሽና ማስታወክ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ የሆድ ድርቀት፣ ተቅማጥ እና የገንዘብ ችግር። የቀረው አንዱ «አጠቃላይ» የተባለው ነው።

ሁሉም ከ0 እስከ 100 ይነበባሉ፤ አቅጣጫቸው ግን አንድ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ አንዳንዴ የሕክምና ባለሙያም ጭምር። በአቅም ክፍሎችና በአጠቃላዩ ላይ ከፍ ያለ ቁጥር መልካም ነው። በሚያስቸግሩት ነገሮች ላይ ግን ከፍ ያለ ቁጥር መጥፎ ነው። ስለዚህ ድካም 67 ደረሰ ማለት እናትዎ በጣም ደክመዋል ማለት ነው።

ለውጡንስ እንዴት እንመዝነው? አጠቃላዩ ክፍል ከ2 ጥያቄዎች ብቻ ነው የሚሰላው፤ ለእያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 7 ካሉት ቁጥሮች አንዱ ይከበባል። በፊት 4 እና 5 ከከበቡ 58 ይመጣል፤ አሁን ሁለቱንም 4 ካሉ 50 ይሆናል። እንግዲህ ከ58 ወደ 50 ወረደ የተባለው ነገር ሁሉ፣ በአንድ ጥያቄ ላይ አንድ እርከን ዝቅ ከማለት የመጣ ነው። ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግስቱ ይህን ያህል ሊለዋወጥ ይችላል። ለብቻው ቢሆን ኖሮ «እስቲ በሚቀጥለው እንየው» ብዬ አልፈው ነበር።

ድካም ግን ሌላ ታሪክ ነው። የሚለካው በ3 ጥያቄዎች ሲሆን፣ መልሶቹ ከ1 «ፈጽሞ» እስከ 4 «በጣም» ናቸው። ከ33 ወደ 67 ለመድረስ በድምሩ 3 እርከን መውጣት አለበት፤ ለምሳሌ በሦስቱም ጥያቄ «ትንሽ» ይሉ የነበሩ ሰው አሁን በሦስቱም «በብዛት» ሲሉ። እንዲህ ያለው ነገር በአጋጣሚ አይመጣም። በነገራችን ላይ፣ እንቅልፍ ማጣት በአንድ ጥያቄ ብቻ ስለሚለካ እዚያ አንድ እርከን ከፍ ማለት 33 ነጥብ ያስዘልላል። ስለዚህ ሰንጠረዡ ላይ ትልቅ ዝላይ ሲያዩ ከመደንገጥዎ በፊት ከስንት ጥያቄ እንደመጣ ይጠይቁ።

ስንት ነጥብ ሲለወጥ ነው ታካሚው ራሱ ልዩነቱን የሚያውቀው? በ1998 የታተመ አንድ ጥናት ታካሚዎቹን «ምን ያህል የተለወጠ መሰለዎት?» ብሎ ጠይቆ መልሳቸውን ከነጥቡ ጋር አስተያይቷል። ከ5 እስከ 10 ነጥብ ትንሽ፣ ከ10 እስከ 20 መካከለኛ፣ ከ20 በላይ ደግሞ ብዙ ለውጥ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ «10 ነጥብ» የሚለው እንደ ደንብ ተይዟል፤ በኋላ የመጡ ጥናቶች ግን ልኩ ከክፍል ክፍል እንደሚለያይ አሳይተዋል። በ2020 የታተመ ሌላ ሥራ ደግሞ ለውጡን ትቶ «የትኛው ነጥብ ላይ ሲደረስ ነው ሐኪም ትኩረት ሊሰጠው የሚገባው?» ብሎ ለየክፍሉ መስመር አስምሯል። ለድካም 39 ነው። ለእንቅልፍ ማጣት 50 ሲሆን፣ ለትንፋሽ ማጠር ግን 17 ብቻ ነው፤ ትንሿም የትንፋሽ ማጠር ችላ አትባልማ። እናትዎ 33 ላይ ሳሉ ከመስመሩ በታች ነበሩ። አሁን በለውጡም በልኩም አልፈውታል።

ቀጥሎ ሰዎች ብዙ ጊዜ ልብ የማይሉትን ነገር ላንሳ፦ ወረቀቱ የሚሞላበት ቀን። አብዛኞቹ ጥያቄዎች «ባለፈው ሳምንት» ይላሉ። እናትዎ የሚሞሉት ደግሞ ቀጣዩ መድኃኒት ሊሰጣቸው በመጡበት ቀን ነው። በ21 ቀን ዙር ውስጥ ይህ ማለት ወረቀቱ የሚያየው ከ14ኛው ቀን በኋላ ያለውን፣ ሰውነት ያገገመበትን፣ ከሦስቱ ሳምንታት ሁሉ የተሻለውን ሳምንት ነው። ማቅለሽለሹ፣ አፍ መቁሰሉ፣ ሰውነት መዛሉ የሚበረታባቸው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከወረቀቱ ውጪ ይቀራሉ። ስለዚህ በደህናው ሳምንት የተመዘገበ 67፣ በክፉው ሳምንት ምን እንደሚሆን ያስቡት። ለእኔ ከጥያቄዎ ውስጥ ከሁሉ የከበደኝ ቁጥር ይህ ነው። ቤት ውስጥ ቀላል ነገር ማድረግ ይችላሉ፤ መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ በየሁለትና በየሦስት ቀኑ እናትዎን «ድካሙ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» ብለው ጠይቀው ከቀኑ ጋር መጻፍ ነው። ሕመምንና ማቅለሽለሽንም እንዲሁ። ለመጠይቁ ምትክ አይሆንም፤ ሐኪሙ ግን የዙሩን ቅርጽ በአንድ እይታ ያየዋል።

እርስዎ ስለሚሞሉላቸው ጊዜ። ማንበብ አቅቷቸው ጥያቄውን አንብበውላቸው፣ እሳቸው የመለሱትን እርስዎ ካከበቡ ችግር የለውም። እሳቸው ተኝተው እርስዎ «እንዲህ ነው የሚሰማት» ብለው ከሞሉ ግን ሌላ ነገር ነው የተለካው። ቤተሰብ የሚታየውን ነገር፣ እንደ መራመድና እንደ ማስታወክ ያለውን፣ ደህና አድርጎ ይገምታል። ስሜት ላይ ሲደርስ ግን ይርቃል፤ አብዛኛውን ጊዜም ታካሚው ራሱ ከሚለው ይልቅ ሁኔታውን አክብዶ ያያል። ይህ ከፍቅርና ከጭንቀት የሚመጣ ስለሆነ የሚያስወቅስ አይደለም። ግን 33ቱን እናትዎ፣ 67ቱን እርስዎ ሞልታችሁት ከሆነ ከላይ ያሰላነው ሁሉ ዋጋ ያጣል፤ የለካነው የሁለት ሰዎችን ልዩነት ይሆናልና። ስለዚህ እንደ ምንም ብለው ያስታውሱ፤ ማን የትኛውን ሞላ? ከእንግዲህ ደግሞ እርስዎ ከሞሉት በወረቀቱ ራስጌ «በልጃቸው የተሞላ» ብለው ይጻፉበት። እናትዎ ግማሹን ብቻ መልሰው ቢደክማቸውም ይተዉት፤ በአንድ ክፍል ካሉት ጥያቄዎች ቢያንስ ግማሹ ከተመለሰ ያ ክፍል ይሰላል።

«ደህና ነኝ» ወደሚለው እንምጣ። ለዘመናት ሐኪሞች የታካሚን ሁኔታ የመዘገቡት በራሳቸው ዓይን ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ዴቪድ ካርኖፍስኪና ባልደረቦቹ ያወጡት መለኪያ 100 ለጤነኛ፣ 0 ለሞተ ሰው ይሰጣል። ዛሬ በየክሊኒኩ የሚሠራበት የኢኮግ መለኪያ ደግሞ በተቃራኒው ከ0 (ጤነኛ) እስከ 5 (የሞተ) ነው። ሁለቱንም የሚሞላው ባለሙያው ነው፤ ጥሩ መለኪያዎችም ናቸው፣ ኬሞ መቋቋም የሚችለውን ከማይችለው ለመለየት እስከዛሬ ያገለግላሉ። ነገር ግን የሐኪም መዝገብና የታካሚ ቃል ጎን ለጎን ሲቀመጡ ደጋግሞ የሚታይ ነገር አለ፦ ሐኪሙ ምልክቶችን ያሳንሳል። በማስታወክና በተቅማጥ ላይ ይቀራረባሉ፤ በድካም ላይ ይራራቃሉ። ድካም በዓይን አይታይም። ታካሚው ደግሞ ሐኪሙን ላለማስቸገር፣ ወይም «መድኃኒቱን ያቆሙብኛል» ብሎ ፈርቶ ደህና ነኝ ይላል። ልብሱን ለብሶ፣ ተነሥቶ፣ በዚያች በተሻለችው ቀን የመጣ ሰው ደግሞ በእርግጥም ደህና ይመስላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም 78 የጎንዮሽ ጉዳቶችን ከራሱ ከታካሚው ብቻ የሚጠይቅ ዝርዝር ለማዘጋጀት የተነሣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ታዲያ መጠየቁ ብቻ ይረዳል? በኒው ዮርክ በሚገኘው የመታሰቢያ ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል 766 ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት ለዚህ የተሻለውን መልስ ይሰጣል። ሁሉም የተሰራጨ ካንሰር ያለባቸውና ኬሞ የሚወስዱ ነበሩ። ከፊሎቹ እንደ ወትሮው ታከሙ፤ ሌሎቹ 12 የተለመዱ ምልክቶችን በኮምፒዩተር እየሞሉ፣ አንዱ ሲከፋ ለነርሷ መልእክት ይደርሳት ነበር። በ2016 በወጣው ውጤት ከ6 ወር በኋላ የሕይወት ጥራታቸው የተሻሻለላቸው በሚሞሉት ዘንድ 34 በመቶ፣ በሌሎቹ 18 በመቶ ሆነ። በ2017 ደግሞ የዕድሜ ውጤቱ ወጣ፦ መካከለኛው የመኖሪያ ጊዜ በሚሞሉት ዘንድ 31.2 ወር፣ በሌሎቹ 26 ወር። በእኔ አስተያየት ከእነዚህ ሁሉ ቁጥሮች የሚበልጠው ብዙም የማይጠቀሰው ነው፤ ነርሶቹ ከደረሷቸው ማስጠንቀቂያዎች በ77 በመቶው ላይ አንድ ነገር አድርገዋል። ደውለዋል፣ መድኃኒት ለውጠዋል፣ ጠርተዋል። ከዚያ በኋላ በሌሎች ቦታዎች በተደረጉ ጥናቶች የምልክትና የአቅም መሻሻሉ ሲደገም፣ ዕድሜን ስለማራዘሙ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ አልሰጡም። ለማንኛውም ወረቀት በራሱ ማንንም አያክምም። የተሞላ መጠይቅ ፋይል ውስጥ ሲያድር፣ ጭስ እያየ የማይጮህ የእሳት ማስጠንቀቂያ ነው።

እዚህ ላይ ስለ «አጠቃላይ» ነጥቡ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሐኪሞችም ቤተሰቦችም መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነውና። እኔ መጨረሻ ላይ ነው የማየው። በእንግሊዝ የተካሄደውና ፕሮቴክት የተባለው የፕሮስቴት ካንሰር ጥናት 1,643 ወንዶችን በዕጣ ለቀዶ ሕክምና፣ ለጨረር እና ለቅርብ ክትትል መድቧል። በ2016 ታካሚዎቹ ራሳቸው የሞሉት ውጤት ሲወጣ፣ በአጠቃላይ የሕይወት ጥራት በሦስቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ስለ ሽንት ሲጠየቁ ግን፣ ከ6 ዓመት በኋላ እንኳ ሽንት ስለሚያመልጣቸው መምጠጫ የሚጠቀሙት ቀዶ ሕክምና ከተመደበላቸው መካከል 17 በመቶ፣ ከክትትሎቹ 8 በመቶ፣ ከጨረሮቹ 4 በመቶ ነበሩ። አጠቃላዩን ብቻ ያነበበ ሰው «ልዩነት የለም» ብሎ ወረቀቱን ያጥፋል። በእናትዎም ጉዳይ ተመሳሳይ ነገር ሆኗል፤ አጠቃላዩ 8 ነጥብ ተንቀሳቀሰ፣ ድካሙ ግን በእጥፍ አደገ።

ለዚህ አንዱ ምክንያት ሰው ከበሽታው ጋር ሲኖር የሚለካበት ልክ ራሱ መለወጡ ነው። ከሕመሙ በፊት «ጥሩ ቀን» ማለት ብዙ ሥራ የተሠራበት ቀን ነበር፤ ዛሬ ሕመም ያልነበረበት ቀን ጥሩ ቀን ነው። ባለሙያዎች ይህን ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በስፋት አጥንተውታል። መላመዱ ለታካሚው በጎ ነገር ነው፤ ነገር ግን «ሕይወትዎ እንዴት ነው?» የሚለው ሰፊ ጥያቄ ለውጡን እንዲውጠው ያደርጋል። ጠበብ ያሉትን ጥያቄዎች፣ «ረጅም መንገድ መሄድ ያስቸግርዎታል?»፣ «ቀን ቀን አልጋ ላይ ወይም ወንበር ላይ መዋል ያስፈልግዎታል?» የሚሉትን ግን መላመድ በቀላሉ አይበርዛቸውም። እናትዎ በእነዚህ ላይ የሰጡትን መልስ ካለፈው ወረቀት ጋር ያስተያዩ።

የጥናት ዘገባ የማንበብ ልማድ ካለዎት ደግሞ፣ «የሕይወት ጥራት ሳይቀንስ ቆይቷል» የሚል ሲገጥምዎ እስከ መጨረሻው ወረቀት የሞሉት ስንቶቹ እንደሆኑ ይፈልጉ። በጣም የታመሙት መሙላት ያቆማሉ፤ የቀሩት ጤነኞቹ ስለሚሆኑ አማካዩ ሳይሻሻል የተሻሻለ ይመስላል። ዕጢው ሳያድግ የቆየበት ጊዜ መርዘምም ታካሚው የተሻለ ሕይወት ኖረ ማለት ላይሆን ይችላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ዝምድና ብዙ ጊዜ ደካማ ሆኖ ነው የተገኘው።

«ያነበዋል ወይ?» ላሉት፦ እንደ ቦታው ነው። አንዳንድ ሆስፒታል ወረቀቱን ለጥናት ብቻ ይሰበስበዋል፤ የሚመረመረውም ከወራት በኋላ፣ ስም ተነሥቶለት፣ ከሌሎች ጋር ተደምሮ ነው። ይህ ነውር የለበትም፣ ታካሚው ግን ሊነገረው ይገባል፤ ያለዚያ «ጽፌላቸዋለሁ፣ ያውቁታል» ብሎ ዝም ይላል። ሌላ ቦታ ነጥቡ በዚያው ቀን ሐኪሙ ጋ ይደርሳል። ስለዚህ ወረቀቱን ለሚሰጥዎት ሰው በቀጥታ «ይህን ዛሬ የሚያየው ማን ነው?» ይበሉት። መልሱ «ማንም» ከሆነ፣ ከመስጠትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ አንስተው ራስዎ ሐኪሙ ፊት ያቅርቡት።

ሲያቀርቡ «እናቴ ደክማለች» ከማለት ይልቅ «ድካሟ በሁለት ወረቀት መካከል ከ33 ወደ 67 ወጥቷል፣ የቀኑን አብዛኛውን ጊዜ አልጋ ላይ ናት፣ ምክንያቱ ይፈለግልን» ይበሉ። ምክንያት ይፈለግ ማለት ከባድ ነገር አይደለም። የደም ማነስ፣ የታይሮይድ መዛባት፣ ያልታከመ ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ድብርት፣ በቂ አለመብላት፣ እንቅልፍ የሚያመጡ መድኃኒቶች፤ ሁሉም ሊታከሙ ወይም ሊስተካከሉ ይችላሉ። ካንሰሩ አጥንት ከነካ የደም ካልሲየም መታየት አለበት፤ ሲጨምር ድካም፣ የውኃ ጥምና የሆድ ድርቀት ያመጣል፣ ሕክምናውም አይዘገይም። ሌላ ምክንያት ካልተገኘ፣ ለካንሰር ድካም ጠንካራ ማስረጃ ያለው ነገር ብዙዎችን የሚያስገርም ነው፦ በልክ የሚደረግ የሰውነት እንቅስቃሴ። አጥንት ላይ ዕጢ ካለ ግን የትኛው እንቅስቃሴ እንደማይጎዳ ከሐኪም ጋር ሳይነጋገሩ አይጀመርም። የመድኃኒቱን መጠን መቀነስ ወይም ዙሩን ማራዘምም መነሣት ያለበት አማራጭ ነው። ዕጢው ቀንሷል የሚለው ዜና ይህን ለመነጋገር አመቺ ጊዜ እንጂ እንቅፋት አይደለም፤ በተሰራጨ ካንሰር ዓላማው እናትዎ ረጅም ጊዜ፣ በሚችሉት አቅም እንዲኖሩ ነው።

የማስታገሻ ሕክምና፣ ማለትም ሕመምን፣ ድካምንና ጭንቀትን የማቅለል ሕክምና፣ ባለሙያም ይጠይቁ። ይህ ሲባል ብዙ ቤተሰብ «ተስፋ ቆርጠውብናል» ብሎ ይደነግጣል። በ2010 በታተመ የአሜሪካ ጥናት የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር እንዳለባቸው ገና ከታወቀ 151 ታካሚዎች መካከል፣ ከጅምሩ የማስታገሻ ሕክምና ከመደበኛው ጋር የተጨመረላቸው በሕይወት ጥራት ነጥብም በስሜትም የተሻሉ ሆኑ፤ የኖሩትም መካከለኛ ጊዜ 11.6 ወር ሲሆን የሌሎቹ 8.9 ወር ነበር። ካንሰሩ የተለየ ስለሆነ ቁጥሩን ወደ እናትዎ መውሰድ አይቻልም፤ ባለሙያው ግን ኬሞው ሳይቆም ጎን ለጎን ሊሠራ እንደሚችል በቂ ማሳያ ነው።

አንዳንድ ነገሮች ደግሞ ቀጣዩን ወረቀት አይጠብቁም። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ግራ መጋባት፣ አዲስ የጀርባ ሕመም ከእግር መዛል ወይም ሽንት ካለመቆጣጠር ጋር ከመጣ፣ ቀጠሮው ነገ ቢሆንም እንኳ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና ይዘዋቸው ይሂዱ።